ካፖርቱ ዝም ሲል

«ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የጥላ መሥሪያ ቤት ሹም የክቡር ደርበው በርጩማ፣ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ በታላቁ ጥላ ደቡባዊ ጫፍ እንዲቀመጥ መወሰኑን ለመላው የከተማችን ሕዝብ ስናበስር ደስታችን ወሰን የለውም። በርጩማው ባለ ሦስት እግር ነው። ሦስቱም እግሮቹ በሰላም ደርሰዋል።»

ጥሩንባ ነፊው ይህን ብሎ ላቡን ጠረገ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከወደ ኋላ ያሉ ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ ጥሩንባውን ብብቱ ሥር ከወሸቀ በኋላ፣ ምድጃ ላይ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ዞር አለና፣ «እ... ደግሞም ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛ ደሞዙ ሳይቋረጥ ለትምህርት ፈቃድ መውጣት ይችላል» አለ። ለዚህኛው ያጨበጨበ አልነበረም። ሕዝቡ በርጩማውን ለማየት እየተጋፋ ሄዷል። የሰማሁት እኔ ነኝ፤ እኔም ብሆን የሰማሁት ገመድ ይዤ ስለነበር ከቦታዬ መነቃነቅ ስላልቻልኩ ነው።

ስለ ገመዱ ልንገራችሁ። አገራችን ዛፍ አታበቅልም። ለምን እንደማታበቅል አንድ ኮሚቴ ለረጅም ጊዜ ሲያጠና ቆይቶ፣ ምክንያቱ የዛፍ እጥረት ነው ብሎ ደምድሟል። ፀሐያችን ግን ስሟ የተጠራ ናት። የድሮ ሰዎቻችን ገበያውን ከሷ ለማዳን አንድ ትልቅ ሸራ ሰፍተው በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ወጠሩ። ይህ ሸራ ታላቁ ጥላ ይባላል። ፀሐይ በዞረች ቁጥር ጥላው ከገበያው ላይ ሸርተት እንዳይል፣ በየማዕዘኑ ገመድ ይዘን በአንዱ በኩል እናላላለን፣ በሌላው በኩል እንስባለን። ሥራችን ይኸው ነው። ገመድ ያዥ እንባላለን። ሰማያዊ ካፖርት እንለብሳለን። በዚያ ሙቀት ካፖርት ለምን እንደምንለብስ የጠየቀ የለም፤ ስንቀጠር ሰጡን፣ ለበስን።

ሸራው አንድ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ያለው ከሹም ደርበው በላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር። ያለው ከንፍሮ ሻጯ ከዘርፌ በላይ ነው። በቀዳዳው የምትገባው ፀሐይ አናቷ ላይ ስታርፍ ሳፋዋን ይዛ ፈቀቅ ትላለች፤ ፀሐይዋ ትከተላታለች፤ እንደገና ፈቀቅ ትላለች። እንዲህ ሲሳደዱ ስለሚውሉ የከተማው ሰው ሰዓት መጠየቅ ትቶ ዘርፌን ማየት ጀምሯል። «ዘርፌ በርበሬ ተራ ደርሳለች» ከተባለ ምሳ ነው። «ዘርፌ ሸክላ ተራ ገባች» ከተባለ ሥራ አለቀ። ከሸክላ ተራ ወዲያ ደግሞ ገበያ የለም፤ ሜዳ ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ እሷም ወደ ሜዳው ትጠጋለች።

አንድ ጊዜ እኔ ልደፍነው ሞክሬያለሁ። የጆንያ መርፌና ሲባጎ ይዤ ምሰሶ ላይ ወጣሁና ሰፋሁት። በማግስቱ ነፋሱ መጥቶ ስፌቴን ከነጨርቁ ይዞት ሄደ። ቀዳዳው እጥፍ ሆነ።

«ታሬ» አለችኝ ዘርፌ፣ «ስለ እናትህ፣ ከዚህ በላይ አትርዳኝ።»

ይህ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። ከጨው ተራራው ማዶ ሸራ ሰፊዎች የሚኖሩበት አገር እንዳለ፣ የነሱን ስፌት ነፋስ እንደማይፈታው አንድ መንገደኛ ነገረኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ምኞት አልነበረኝም፤ እዚያ ሄጄ ያንን ስፌት መማር፣ ተመልሼም ያንን ቀዳዳ መድፈን። ምኞቴን ያጫወትኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ገመዱ ከገመዴ ቀጥሎ ላለው ለይበልጣል። ምሳ በበላን ቁጥር አጫውተው ነበር። እሱ እየሰማ ይበላል። ብዙ ጊዜ የኔንም ይበላል።

ይበልጣል ጥሩ ሰው ነው። ይህን አሁኑኑ ብናገር ይሻላል፣ ኋላ ጊዜ አላገኝም። ገመድ ሲይዝ ግን የታመመ ዘመዱን እጅ የያዘ ነው የሚመስለው።

በማግስቱ ሹም ደርበው ሰበሰቡን። በአዲሱ ቦታ ባለው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«መንግሥት ሠራተኛው እንዲማር ይፈልጋል» አሉ። «ሥራ እንዲበደል ግን አይፈልግም። ስለዚህ ለትምህርት የሚሄደው፣ ባይኖር ሥራው የማይጎዳ ሠራተኛ ነው።»

«ጌታዬ፣ ይህ በምን ይታወቃል?» አልኳቸው።

«ቀላል ነው። በየተራ ገመዳችሁን ትለቃላችሁ። ጥላው ከበርጩማዬ ላይ ካልተነቃነቀ ሰውየው ይሄዳል። ከተነቃነቀ ታስፈልገናለህ ማለት ነው፤ ትቀራለህ።»

«ምን ለመማር እንደምንሄድስ ይጠየቃል?»

«ታረቀኝ፣ ትምህርት ነው የተባለው» አሉ ቆጣ ብለው። «ትምህርት ደግሞ ትምህርት ነው።»

መጀመሪያ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነበር። ገመዱ ከእጄ እንደወጣ ሸራው እንደ ደነበረ ፈረስ ዘለለ፤ ጥላው ከበርጩማው ላይ ተነሥቶ አደባባዩን አቋረጠና ከገበያው ውጭ የታሰሩ ፍየሎች ላይ ሄዶ አረፈ። የሹም ደርበው መላጣ በፀሐይ አብረቀረቀ። ሕዝቡ ጭብጨባውን አቀለጠው። «ምሰሶ ነው!» «ያለ ታረቀኝ አለቀልን!» እያሉ ትከሻቸው ላይ አወጡኝና ገበያውን አዞሩኝ። ከትከሻቸው ላይ ሆኜ ትምህርቴ ሲሄድ አየሁት። ከፍ ካለ ቦታ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል።

ሌሎቹም በየተራ ለቀቁ። የአንዱ ጥቂት፣ የሌላው ከዚያ ትንሽ በለጥ እያለ ጥላውን ነቀነቀው። ይበልጣል ጋ ሲደርስ ሁላችንም በርጩማው ላይ አፈጠጥን። ጥላው ፀጥ አለ። ጠበቅን። አሁንም ፀጥ።

«በል እንጂ፣ ልቀቅ!» አሉ ሹም ደርበው።

«ለቅቄያለሁ ጌታዬ» አለ ይበልጣል።

«መቼ?»

«ጠዋት ስገባ።»

በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ባለቤቴ ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እሰይ የኔ ምሰሶ! ተሸክመው አዞሩህ አሉ።»

«አዎ።»

«ይበልጣልንስ?»

«እሱ በእግሩ ነው የሄደው።»

«ወዴት?»

«ለትምህርት።»

ሳቋን ልትውጠው ሞክራ አልቻለችም። «ቀናህ እንዴ?»

«እኔ? በይበልጣል?» አልኩና እራቴን ሳልነካ ተነሣሁ።

«መቅናትስ ያለብኝ እኔ ነኝ» አለች ከኋላዬ። «የይበልጣል ሚስት ደሞዝ ይመጣላታል፣ ባል አይመጣባትም። ምን ቀራት!»

በከተማችን የሰው ቦታ ባዶ ሆኖ አይታይም። ለቅሶ የሄደ ወይም የታመመ ሠራተኛ እስኪመለስ ድረስ ካፖርቱ በገመዱ ካስማ ላይ ይሰቀላል፤ እኛም ጠዋት ስንገባ «እንዴት አደርክ» እንለዋለን። ካፖርት መልስ እንደማይሰጥ እናውቃለን፤ ሳይጠይቁ ማለፍ ግን ነውር ነው። ለትምህርት ፈቃድ ሌላ ሥርዓት ስላልተሰናዳለት በዚሁ ተሄደ። የይበልጣል ካፖርት ተሰቀለ። ደሞዙ ኪሱ ውስጥ ይገባል። ሚስቱ ወር ሲያልቅ መጥታ ከኪሱ ታወጣለች፣ ኮሌታውን ታቃናለታለች፣ ትሄዳለች። ገመዱንስ ማን ይያዝለት ሲባል «ታረቀኝ ጠንካራ ነው» ተባለ። ስለዚህ ሁለት ገመድ ያዝኩ።

መጀመሪያ ላይ በካፖርቱ ምንም ቅሬታ አልነበረኝም። ነገር የተበላሸው በዓመት በዓል ዕለት ነው። ሹም ደርበው ለሠራተኛው ሥጋ ሲያከፋፍሉ ለካፖርቱም መደቡለት፤ የሱ መደብ ጮማ ነበረው፣ የኔ አጥንት። ሥጋውን ዝንብ ሲበላው ቆሜ አየሁ። ከዚያ ለዓመታት ስጠብቀው የኖርኩት የገመድ አለቃነት ቦታ ተከፈተና ጥሩንባው ተነፋ።

«አርፍዶ የማያውቅ! ከሥራ ሾልኮ የማያውቅ! ከባልደረባ ተጣልቶ፣ አለቃ አቋርጦ የማያውቅ! በዚህ ጠባዩ የተነሣ የይበልጣል ካፖርት ከዛሬ ጀምሮ የገመድ አለቃ ሆኖ ተሹሟል!»

በካፖርት መቅናት እንዴት እንደሚያደክም ያልደረሰበት አያውቀውም። ሰው ቢሆን ቢያንስ ታሙታላችሁ። ካፖርት ምን ተብሎ ይታማል? ይጠጣል አይባል፣ ሴት ያሳድዳል አይባል። ብዙ ቀን ከፊት ከኋላው ሳጠናው ከረምኩና በመጨረሻ አንድ ጉድለት አገኘሁበት። ሮጬ ሹም ደርበው ፊት ቀረብኩ።

«ጌታዬ፣ አለቃችን ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል።»

«አይተነዋል» አሉ። «ትሕትናው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ሲወሰን ሹም ደርበው ወደ ካፖርቱ ዞር ይላሉ። «አለቃ፣ ለታረቀኝ አንድ ገመድ ቢጨመርለት ምን ይመስልሃል?» ካፖርቱ ዝም ይላል። «ዝም ካለ ፈቅዷል» ይላሉ። ይጨመርልኛል።

የሚቀጥለው ፈተና ሲቃረብ ነገሩ ለባልደረቦቼም ገባቸው። ድሮ በጉልበት እንፎካከር የነበርን ሰዎች በድካም መፎካከር ጀመርን። አንዱ ገመዱን በሁለት ጣቱ ይዞ መዋል ለመደ። አንዱ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ መተኛት ቻለ። አንዱ፣ እሱ ከሁሉም ብልጥ ነበር፣ ገመዱን አቀበለኝና «ቆይ መጣሁ» ብሎ ሄደ፤ የመጣው ለፈተናው ዕለት ነው። አለፈ።

እኔም ሞክሬያለሁ። አልሞከረም እንዳይባል። እራት ሁሉ አቁሜ ነበር።

«ምነው አትበላም?» አለች ማንጠግቦሽ።

«መድከም አለብኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«ለትምህርት።»

ሳህኑን ከፊቴ አነሣችው። «ሌላው ሰው ተምሮ ይደክማል፣ የኔው ደግሞ ደክሞ ሊማር!»

ሆዴ ባዶ ሆኖ እንኳ፣ ገመዱ ሊያመልጥ ሲል እጄ ሳያማክረኝ ይጨብጠዋል። ቀና ስል ቀዳዳው ይታየኛል። ዝቅ ስል ዘርፌ ሳፋዋን ታቅፋ ፈቀቅ ስትል አያለሁ። በዚህ መሃል ገመድ ላላ አድርጎ መያዝ ለኔ አልሆነልኝም። የፈተናው ቀን ደርሶ ስለቅ ጥላው ፍየሎቹን አልፎ ሄደ። እንደገና ትከሻ ላይ አወጡኝ። ማውረዱን ረስተውት ትንሽ ቆየሁ። ሌሎቹ በሙሉ አለፉ፤ በሙሉ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በየካስማው ካፖርት ተሰቅሎ፣ ጠዋት ስገባ ሰላምታው ብቻ ረፋዱን ይጨርሰዋል። ገመዶቹን አንድ ላይ ወገቤ ላይ አስሬ ፀሐይ ስትዞር አብሬ እዞራለሁ። ዘርፌ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፣ ሁለታችንም ስንዞር እንውላለን።

«ታሬ፣ አንተን ደግሞ ማን አሳደደህ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ትምህርት።»

«እኔን ፀሐይ ናት» አለች። «እሷስ ሲመሽ ትተወኛለች። አንተ ነህ ያሳዘንከኝ።» እፍኝ ንፍሮ አፌ ውስጥ አደረገችልኝ፤ እጄ አይለቀቅምና።

በዚህ መሃል ይበልጣል ተመለሰ። ሌሎቹ እስከ ዛሬ እየተማሩ ነው፤ እሱ ብቻ ተመለሰ። ፊቱ ወዝቷል፣ ሰውነቱ ሞላ ብሏል፣ የቆዳ ቦርሳ ትከሻው ላይ አንግቷል። ጫማው እንኳ የማላውቀው ጫማ ነበር። ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። እኔ አላቀፍኩትም፤ ገመድ ይዤ ነበር። በዚያች ቅጽበት ገመድ በመያዜ ደስ ብሎኛል።

«ታሬ ወንድሜ! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?»

«ስሠራ። አንተስ ምን ሆነህ ነው የወፈርከው?»

«ስማር» አለና ሳቀ።

ሕዝቡ ከቦት ምን ተምሮ እንደመጣ ጠየቀው። ይህን ሰዓት ከሄደበት ቀን ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ይበልጣል ምንም እንዳልተማረ በእርግጠኝነት አውቅ ነበር። ገመድ መያዝ ያቃተው ሰው ምን ሊማር ይችላል? ሲንተባተብ ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። በሐሳቤ ብዙ ጊዜ አንተባትቤዋለሁ፤ በተለይ ገመድ ሲከብደኝ እሱን እያንተባተብኩ ነበር የምውለው።

ይበልጣል ቦርሳውን ከፈተ። ጎባጣ መርፌና በሰም የታሸ ክር አወጣ። ቀና ብሎ ቀዳዳውን አየ።

«ሸራ ስፌት» አለ። «ከጨው ተራራው ማዶ።»

ወገቤ ላይ ያሉት ገመዶች ሁሉ ባንድ ጊዜ የጠበቁ መሰለኝ።

«የኔን!» አልኩ። «የኔን ትምህርት!»

«ያንተን ነው እንጂ» አለ ምንም ሳያፍር። «የት እንደሚኬድ እኔ ምን አውቃለሁ? ምሳ ላይ ሁልጊዜ የምትነግረኝ ቦታ ትዝ አለኝ፣ እሱኑ እያሰብኩ ሄድኩ። ታሬ፣ ብታየው! አገሩ ሁሉ መርፌ ነው። አንተ ብትሆን ከኔ ቶሎ ትይዘው ነበር።»

ቢሰርቀኝ ይሻለኝ ነበር። ሌባ እንኳ ይዞ ይሸሻል፤ ፊት ለፊት ቆሞ አመሰግናለሁ አይልም። ምንም ሳይማር ቢመጣ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ በሰላም አማው ነበር። እሱ ግን ተምሮ መጣ፤ ያውም አሳምሮ።

ምሰሶው ላይ ወጥቶ የቀዳዳውን ጠርዝ በጣቶቹ ዳሰሰና ወረደ። «ተወጥሮ እያለ አይሰፋም» አለ። «የታረቀኝ ስፌት የተበጠሰው በዚህ ነው። እጁ መጥፎ አልነበረም።» ይህን ደግነት ማን ጠየቀው? «ሸራው ወርዶ፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ላልቶ ነው የሚሰፋው።»

«ይውረድ?» ሹም ደርበው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «በርጩማውስ?»

«ለጥቂት ቀን ፀሐይ ይመታዋል ጌታዬ።»

ሹም ደርበው ወደ ተሰቀለው ካፖርት ዞሩ። «አለቃ፣ ምን ትላለህ?»

ካፖርቱ ዝም አለ።

«አልፈቀደም» አሉ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ዝም ካለ ፈቅዷል ይሉን ነበር እኮ።»

«ያ ስላንተ ሲጠየቅ ነው። አሁን የተጠየቀው ስለ በርጩማ ነው።»

«ኧረ ካፖርቱ የኔ ነው!» አለ ይበልጣል።

«ያንተ ነበር። አሁን አለቃህ ነው። ፊቱ ስትቆም ደረትህን ቆልፍ።»

ይበልጣል ደረቱን ቆለፈ፣ ለራሱ ካፖርት እጅ ነሣና ወደ ኋላው ተመለሰ። ይህን በማየቴ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ደስታው የቆየው ግን ዘርፌ ሳፋዋን አንሥታ ፈቀቅ እስክትል ድረስ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከላይ ትእዛዝ መጣ። የጥላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አንድም ሳይቀር ተምሯል ተብሎ በጥሩንባ ሊነገር ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ። ሹም ደርበው አስጠሩኝ። እንደዚያን ቀን ለስልሰው አይቻቸው አላውቅም።

«ታረቀኝ ልጄ፣ ነገ ትፈተናለህ። አይጨንቅህ። ገመዶቹን ቀድመን ካስማው ላይ ጥርቅም አድርገን እናስራቸዋለን። ያንተ ሥራ እጅህን መክፈት ብቻ ነው።»

«ጥላውስ?»

«የታሰረ ነገር የት ይሄዳል? በርጩማው ላይ ይቆያል፣ ታልፋለህ።»

«ፀሐይ ስትዞርስ?»

«ያኔ አንተ ሄደሃል» አሉ።

ማንጠግቦሽ ስንቅ አሰናዳች። ሸሚዜን ተኮሰች። ካፖርቴን አጥባ የጎደለ ቁልፍ አለመኖሩን እያየች፣ «ይሄንንም ይሾሙት ይሆናል» አለች። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «አደራ፣ ለመመለስ አትቸኩል» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

በፈተናው ዕለት ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሹም ደርበው በርጩማው ላይ ተሰይመዋል። ጥሩንባ ነፊው ጉንጩን ነፍቶ ይጠብቃል። ይበልጣል ከካፖርቱ ሥር፣ ደረቱን እንደቆለፈ ቆሟል። ገመዶቹ በየካስማው ታስረዋል፤ ለይምሰል ጫፋቸውን ይዣለሁ። ነፋስ ነበር። ቀዳዳው እንደ ከብት ጆሮ ይማታል። ገና ምሳ ሳይደርስ ዘርፌ ሸክላ ተራን ጨርሳ፣ አንድ እግሯን ሜዳው ላይ አሳርፋ ቆማለች። ሰዓት የሚያዩባት ሰዎች ተደናግረው አንዳንዶቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

ይበልጣልን አየሁት። እሱ እኔን አያይም፤ ቀዳዳውን ነው የሚያየው። ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር፣ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው ዓይን ነበረው። ያንን ዓይን ነበር ስመኝ የኖርኩት። ከፈተናው በኋላ እኔም ይኖረኛል። እጄን መክፈት ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንደቀናሁ በሕይወቴ ቀንቼ አላውቅም፤ ጥርሴን አመመኝ።

«ልቀቅ!» አሉ ሹም ደርበው።

ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ከካስማው ፈታሁት።

«ምን እያደረግህ ነው? እጅህን ክፈት ነው የተባልከው!»

ሁለተኛውን ፈታሁ። ሦስተኛውን። የሚሳቡትን ገመዶች እያሰባሰብኩ በአንድ እጄ ጨበጥኳቸው።

«ታረቀኝ!» አለች ማንጠግቦሽ ከሕዝቡ መሃል። ስንቁን ታቅፋ ነበር።

የመጨረሻው ቋጠሮ ከካፖርቱ ሥር ነው። አለቃዬን «ይቅርታ» ብዬ ከካስማው አወረድኩና ለይበልጣል ወረወርኩለት። በሁለት እጁ ቀለበው። ከዚያ የመጨረሻውን ቋጠሮ ፈታሁና እጄን ከፈትኩ።

ታላቁ ጥላ መጀመሪያ በረጅሙ ተነፈሰ። ቀጥሎ እንደ ደከመው ሽማግሌ ቀስ ብሎ ገበያው ላይ ተኛ። ከሥሩ ሰው ይጮኻል፣ ሸክላ ይሰበራል፣ አንድ ጉብታ «በርጩማዬ! በርጩማዬ!» እያለ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቀጥ ብላ የቆመችው ዘርፌ ብቻ ናት፤ ቀዳዳው በላይዋ ስለሆነ አንገቷ በቀዳዳው ወጥቶ፣ የከተማውን ሸራ በሙሉ እንደ ቀሚስ ለብሳው ነበር።

«አሁን ገና በልኬ ሆነ» አለች።

ይበልጣል ቦርሳውን ሲከፍት አየሁ። ዘርፌን ከቀዳዳው አወጣናት። መሬት ላይ ተንበርክኮ ጨርቁን አላላው። «ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አለኝ፤ ያዝኩለት። ወደ እጁ እያየሁ አልነበረም። ጠርዙን ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጠፈ። መርፌውን ከታች ወደ ላይ አገድሞ ወጋ፣ ክሩን በመጀመሪያው ዙር መሃል አሾለከ፣ ሳያጠብቀው ቀጣዩን ወጋ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ሳባቸው። እንዳልኳችሁ፣ አላየሁም። እሱ ግን ቀስ እያለ ነበር የሚሰፋው። ያን ያህል ቀስ ማለት ለምን እንዳስፈለገው አላውቅም።

ሹም ደርበው ከሸራው ሥር ተሳቡና ወጡ። መላጣቸው ቀልቶ፣ በርጩማውን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል።

«ወድቀሃል!» አሉኝ። «ዕድሜ ልክህን አትማርም! ሰማህ? ዕድሜ ልክህን!»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ።»

«እኮ ለምን? ታስሮልህ፣ ተመቻችቶልህ፣ እጅ መክፈት ብቻ ቀርቶህ! ለምን?»

የያዝኩትን ጫፍ ወደ ይበልጣል መርፌ ጠጋ አደረግሁለት።

«በሱ ቀንተህ ነው» አሉ። «የሱ ካፖርት ከሹመቱ እንዲወርድ፣ እኔም እንድዋረድ፣ ሁሉም ነገር እንዲፈርስ። አይደል?»

ዘርፌ ከሜዳው ተመልሳ ሳፋዋን አስቀመጠች። «ተዉት እንጂ፣ ለኔ ብሎ ነው» አለች።

ማንጠግቦሽ መጥታ ስንቁን እግሬ ሥር አኖረችው። የተቀቀለውን እንቁላል ልጣ ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ለይበልጣል አጎረሰች።

ይበልጣል እያኘከ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታሬ፣ ለኔ ብለህ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ክሩ ላላ፣ አጥብቀው» አልኩት።

ጥሩንባ ነፊው ምን ብሎ እንደሚነፋ ጨንቆት አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሹም ደርበው በርጩማቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ተቀመጡበትና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አስረዳ እንጂ ሰውዬ! ለሕዝቡ አስረዳ!»

«አላስረዳም» አልኩ።